ሽማግሌዎቹ ቻርጅ ላይ ናቸው

ሚካኤል ሽማግሌ ሊልክ ሲነሳ መጀመሪያ ያማከረው ሽማግሌዎቹን ሳይሆን እኔን ነው። ብልህነቴን አይቶ አይደለም። በዚያ ሰሞን ሆሳዕና ውስጥ ማደያ ደጃፍ ሳይሰለፍ ዱራሜ ደርሶ ሊመለስ የሚችል መኪና ያለው ወዳጁ እኔ ብቻ ነበርኩ። የአጎቱ የአቶ ብሩ ፒካፕ ናፍጣ ሰልፍ ላይ ከቆመ ሰንብቷል። አቶ ብሩም አብረውት ቆመዋል፤ ምሳ እዚያው ይላክላቸዋል፤ ከፊትና ከኋላቸው ከተሰለፉት ጋር ከመላመዳቸው የተነሳ ዕድር ሊመሠርቱ ነው ይባላል። የኔ መኪና በኤሌክትሪክ የምትሄድ ስለሆነች ሰልፍ አታውቅም። መብራት ሲጠፋ ግን እሷም እንደ ማንኛውም የከተማው ነዋሪ ቁጭ ትላለች።

ነገሩ አስቸኳይ ነበር። ሚካኤል የሚወዳት ሶስና ዱራሜ ነው ያለችው፤ የተዋወቁት ሆሳዕና ስትማር ነው፤ ተምራ ከተመለሰች ሁለት ዓመት ሆኗታል። ለእሷ ከሐዋሳ ሽማግሌ ተልኮ ሁለት ጊዜ ተመላልሷል። ሦስተኛው በዚያው ሳምንት እሁድ ነው። አባቷ አቶ ተክለጊዮርጊስ ደግሞ «በሦስተኛው መልስ እሰጣለሁ» ብለው ቃል ገብተዋል፤ እሳቸው ቃላቸውን የሚያጥፉ ሰው አይደሉም። ስለዚህ የሚካኤል ሽማግሌዎች ቅዳሜ ሄደው ቅዳሜ መልስ ይዘው መምጣት አለባቸው፤ አለበለዚያ ሶስና የሐዋሳ ሰው ናት። ይህ ደግሞ በአገር ደንብ የማይሆን ነው። ሽማግሌ በመጀመሪያው ቀን መልስ አያገኝም። ቢያገኝ እንኳ ደስ አይለውም፤ «ምን አግኝተውባት ነው እንዲህ የቸኮሉት?» ብሎ ይጠረጥራል።

«ሁለት ዓመት ሙሉ ምን ስትሠራ ነበር?» እያሉ ሁሉም ሚካኤልን ጠየቁት። መሬት መሬት እያየ «እያስተካከልኩ» ይላል። ምኑን እንደሚያስተካክል አይናገርም። ሰነፍ ነው አልን። እኔ ደግሞ ከሁሉም አብልጬ አልኩ።

በልመና ሦስት ሽማግሌ ተገኘ። መሪው ጋሽ ገብረክርስቶስ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር፣ ዛሬም ሰው ሲያናግሩ ሰልፍ ያሰለፉት የሚመስላቸው። ሁለተኛው ጋሽ ናስረዲን፣ የሚካኤል ቤተሰብ የግድግዳ ጎረቤት፣ የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ፤ በሰፈራችን እሳቸው ሳይጠይቁላት የተዳረች ልጅ የለችም ይባላል። ሦስተኛው አቶ ዕንባቆም ከሌሞ ናቸው፤ ገበሬና የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ። ዝም ማለት የሚያውቁ ሰው ናቸው። ሦስቱ ሦስት ቦታ ይጸልያሉ፤ ሰው ቤት ሄዶ ልጅ በመለመን ላይ ግን አንድ ሃይማኖት ናቸው።

ዋዜማውን ሆሳዕና መብራት አልነበረም። መኪናዬ ጠዋት ላይ ዱራሜ የሚያደርስ እንጂ የሚመልስ ባትሪ አልነበራትም። ለዚህ ለዚህ ስልኬ ላይ ቻርጅ ማድረጊያ የሚፈልጉ ሦስት አፖች አሉኝ። ሦስቱ እንደ ፍርድ ቤት ምስክር ናቸው፤ ተስማምተው አያውቁም። አንድ ጊዜ አንደኛው ሌሞ ውስጥ ፈጣን ቻርጅ አለ ብሎ እየመራ ወስዶ ገብስ ማሳ ዳር አቆመኝ። በጋሪ የሚያልፍ ሰውዬ ፈረሱን ገታ አድርጎ «አንተንም ስልክህ ነው የላከህ?» አለኝ። ከእኔ በፊት የመጡ ነበሩ። እንዲያውም አንደኛው ማሳውን ፎቶ አንስቶ፣ ሦስት ኮከብ ሰጥቶ ነው የሄደው።

ዱራሜ ላይ ግን ሦስቱም ባልተለመደ ሁኔታ አንድ ቦታ ላይ ተስማሙ። «ትርፊት የመኪና ቻርጅ። ሦስት ፌዝ። ክፍት ነው» ይላል። አስተያየት የሰጠ አንድም ሰው የለም። ይህን እንደ መልካም ዜና ወሰድኩት፤ ያማረረ የለም ማለት ነው። ጋሽ ገብረክርስቶስን «አያስቡ፣ ጉዳያችንን ጨርሰን ሞልተን እንመለሳለን» አልኳቸው።

መንገድ ላይ የተጨዋወትነው በአብዛኛው ከመኪናዋ ጋር ነው። ከቻይና በቀጥታ ስለመጣች አማርኛ አትችልም። በር በደንብ ካልተዘጋ፣ ቀበቶ ካልታሰረ፣ ባትሪው ከቀነሰ በጥሩ የሴት ድምፅ በቻይንኛ ታስታውቃለች። ጋሽ ናስረዲን በተናገረች ቁጥር «እሺ እመቤት» ይሏታል። ምን እንዳለች ሳያውቁ ለምን እሺ እንደሚሉ ስጠይቃቸው፣ አርባ ዓመት በትዳር የኖሩት እንዲሁ እንደሆነ ነገሩኝ። አንጋጫን አልፈን ቁልቁለቱን ስንወርድ ባትሪዋ በራሱ ጊዜ ትንሽ ትንሽ እየጨመረ መጣ። ይሄን ሲያዩ ደነገጡ። ሲወርዱ የሚያተርፍ ንግድ በዕድሜያቸው አይተው እንደማያውቁ ተናገሩ። አቶ ዕንባቆም በመስኮት የእንሰት ማሳ ይቆጥራሉ። ጋሽ ገብረክርስቶስ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ንግግራቸውን እያጠኑ ነው።

የአቶ ተክለጊዮርጊስ ግቢ በር አረንጓዴ ነው። ጋቢያቸውን ደርበው ራሳቸው ከፈቱልን። ከሰሜን መጥተው ዱራሜ ከሰፈሩ ሰዎች የተወለዱ፣ ከምባትኛን ከአማርኛ እኩል የሚናገሩ፣ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። ግቡ፣ ተቀመጡ አሉ። ሽማግሌዎቹ ለመቀመጥ እንዳልመጡ ተናግረው በረንዳው ሥር ቆሙ። እኔ ሹፌር ስለሆንኩ ራቅ ብዬ መኪናዋ ላይ ተደገፍኩ፤ ጆሮዬን ግን አላራቅኩም።

ጋሽ ገብረክርስቶስ ያጠኑትን ተናገሩ። ንግግሩ ጥሩ ነበር፤ መግቢያ፣ ሐተታ፣ መደምደሚያ ነበረው። አቶ ተክለጊዮርጊስ አንገታቸውን ደፍተው እስከ መጨረሻው አዳመጡ። ከዚያ ነገሩን እንደ ሰሙ፣ ሰዎቹንም እንዳከበሩ፣ ከዘመድ ተማክረው በመጪው ሳምንት እንደሚነጋገሩ በጣም በለሰለሰ ድምፅ መለሱ። ጋሽ ናስረዲን ነገ ሌሎች እንደሚመጡ መስማታቸውን ጠቆም አደረጉ። አቶ ተክለጊዮርጊስም አልደበቁም፤ ከእናንተ ቀድመው የመጡ አሉ፣ ቃልም አለብኝ አሉ። መጪው ሳምንት ማለት ምን ማለት እንደሆነ አራታችንም ገባን።

በዚህ መሃል ከጓዳ የቅቤ ሽታ መጣ። የሶስና እናት አታካና ሠርተዋል። ከቡላ፣ ከቅቤና ከአይብ የሚሠራ የክብር ምግብ ነው፤ ሥጋ ስለሌለበት ሦስቱም ሽማግሌዎች ያለ ጥያቄ የሚበሉት፣ የታሰበበት ምግብ ነው። አቶ ተክለጊዮርጊስ እህል ሳትቀምሱ አትሄዱም አሉ። ጋሽ ናስረዲን ምራቃቸውን ዋጡና ጉዳያቸው መልስ ሳያገኝ የዚህን ቤት እህል እንደማይቀምሱ ተናገሩ። ደንቡ ይሄ ነው። ሽማግሌ እሺ ከመባሉ በፊት ከበላ ለሆዱ ነው የመጣው። ከበላ ደግሞ እሺ ተብሏል ማለት ነው፤ የበላ ሽማግሌ ወጥቶ እንቢ ተባልኩ ቢል ማንም አያምነውም። ስለዚህ እጅ ነስተው ወጡ።

መኪና ውስጥ ያወራችው መኪናዋ ብቻ ናት። ባትሪዬ ሊያልቅ ነው ማለቷ መሰለኝ። ጋሽ ናስረዲን በዚህ ጊዜ እሺ አላሏትም። ሚካኤል ደወለ። ሽማግሌ ላኪ አብሮ አይሄድምና ሆሳዕና ቤቱ ተቀምጦ ስልኩን እያሻሸ ነው። «ምን አሉ?» አለኝ። «አሥራ ስምንት ፐርሰንት» አልኩት።

አፑን ከፈትኩ። «ትርፊት የመኪና ቻርጅ» ቅርብ ነበር። ወደፊት ሂድ አለኝ፤ ሄድኩ። ወደ ቀኝ፤ ታጠፍኩ። እንደገና ወደ ቀኝ። አንድ አጥር ተከትለን በጎን፣ ከዚያ በጀርባ ዞርን። ሰማያዊ በር ፊት ስንደርስ «ደርሰዋል» አለ። ከውስጥ ወፍጮ ይጮሃል። በሩ ላይ በትልቁ «ትርፊት ወፍጮ ቤት»፣ ከሥሩ በአዲስ ቀለም «የኤሌክትሪክ መኪና ቻርጅ እናደርጋለን» ተጽፏል።

በሩ ተከፈተ። ነጭ ጋዋን የለበሱ፣ ቅንድባቸው ላይ ዱቄት ያረፈ ሰው ብቅ አሉ። አቶ ተክለጊዮርጊስ ናቸው። ጋቢውን አውልቀው፣ በግቢያቸው ውስጥ አቋርጠው፣ ከእኛ ቀድመው ደርሰዋል።

የሶስና እናት ስም ትርፊት መሆኑን አላውቅም ነበር። ሚካኤልም ሁልጊዜ «እናቷ» ነው የሚለው። ወፍጮ ቤት እንዳላቸው ብቻ ነግሮኛል፤ ወፍጮ ቤት ቻርጅ ያደርጋል ብሎ ማን ያስባል?

ፊታቸው ላይ ሁለት ሰው ሲታገል አየሁ። አንደኛው አሁን የሸኛቸው እንግዶች በጓሮ በር ተመልሰው የመጡበት አባት ነው። ሌላኛው ይሄን ሁሉ ወራት ሰማያዊ የቻርጅ ሳጥን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ደንበኛ ሲጠብቅ የኖረ፣ አንድም መኪና ያልመጣለት ነጋዴ። ጋዋን ስለለበሱ ነው መሰል፣ ነጋዴው አሸነፈ።

«እንኳን ደህና መጣችሁ» አሉ። «ቻርጅ ነው?»

«ቻርጅ ነው» አሉ ጋሽ ገብረክርስቶስ፣ የፈተና ጥያቄ እንደሚመልስ ሰው ቀጥ ብለው።

ገባን። ግቢው ገበያ ይመስላል። ቅዳሜ ነው፤ ሴቶች ስንዴና በቆሎ የሞላ ኬሻቸውን በተራ ደርድረው ተቀምጠዋል። ገመዱን ይዛ የመጣችው ሶስና ራሷ ናት። የተማረችው ኤሌክትሪክ ነው፤ ወፍጮው ሦስት ፌዝ የሚባለው ብርቱ መስመር ስላለው ሳጥኑን ያስተከለችው፣ ቦታውን ሦስቱም አፖች ላይ የመዘገበችው እሷ ናት። ሽማግሌዎቹን እንደማታውቃቸው ሆና እጅ ነሳች። ከዚያ ለአባቷ ወፍጮው መቆም እንዳለበት ነገረቻቸው፤ ሁለቱን አንድ ላይ መስመሩ አይችልም አለች። ሴቶቹ አጉረመረሙ። አቶ ተክለጊዮርጊስ ኬሻዎቹንም መኪናዋንም አዩና ወፍጮውን አጠፉ።

ሶስና ገመዱን ሰካች። ሳጥኑ ጎን ላይ የኃይል ማስተካከያ አለ፤ ከዝቅተኛ እስከ ከፍተኛ ይዞራል። ጣቷ ዝቅተኛው ላይ ሲያቆመው ቆሜ አየሁ። እሷም ማየቴን አየች።

«ማቲዎስ፣ ሚካኤል ደህና ነው?» አለችኝ በዝግታ።

«አይደለም።»

«እንግዲያው ዝም በል።»

ዝም አልኩ። የመኪናዋ ስክሪን ላይ በቻይንኛ የተጻፈውን ማንበብ ባልችልም ቁጥሩ ይገባኛል። በዚህ አካሄድ ነገ የሐዋሳዎቹ ሲመጡም እዚሁ ነን። ሽማግሌዎቹ ሲጠይቁኝ ትንሽ ይቆያል አልኳቸው። ጋሽ ገብረክርስቶስ መብራቱ ደክሞ ነው አሉ። መቼም በእኛ አገር መብራት ደከመ ሲባል ማስረጃ የሚጠይቅ የለም።

ወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ሥር አግዳሚ አለ፤ እዚያ ተቀመጡ። እዚህ ጋ ጋሽ ናስረዲን ጥያቄ አነሱ። በአረንጓዴው በር አንቀመጥም ያልን ሰዎች በሰማያዊው በር ተቀምጠናል፤ ነውር ይሆን? ጋሽ ገብረክርስቶስ አሰላሰሉና በዚህ በኩል ደንበኛ ስለሆኑ መቀመጥ እንደሚፈቀድ ወሰኑ። ውሳኔው ብዙም ሳይቆይ ጣጣ አመጣ። እትዬ ትርፊት በውስጥ በር አታካናውን በትልቅ ጣባ ይዘው መጡና ይሄ ለደንበኞች ነው አሉ። የቅቤው ሽታ አግዳሚው ላይ እንደ አራተኛ ሰው ተቀመጠ።

«ደንበኛ ከሆንን እንብላ» አሉ ጋሽ ናስረዲን ወደ ጋሽ ገብረክርስቶስ ጆሮ ጠጋ ብለው።

«ሆዳችን አንድ ነው» አሉ ጋሽ ገብረክርስቶስ። «በደንበኛ በልተን በሽማግሌ አንጾምም።»

ጣባው ተመለሰ። አቶ ተክለጊዮርጊስ ይሄን ሲያዩ ተቀየሙ። በዚህ ወፍጮ ቤት ተራ የሚጠብቅ ሰው ተርቦ ውሎ አያውቅም፤ ከሩቅ ለመጣ ቢያንስ ቆሎ ይቀርባል። የመጀመሪያዎቹ የቻርጅ ደንበኞቻቸው ደረቅ አፋቸውን ቁጭ ብለው ሲውሉ ዱራሜ ሁሉ እያየ ነው። እንደ ደንበኛ ብሉልኝ አሉ። እንደ ሽማግሌ መልሱልን ተባሉ። ሄዱ፤ ዞረው መጡ። ጋዋኑን አውልቀው ጋቢ ለብሰው መጡና እንደ ባለቤት ጠየቁ፤ መልሱ ያው ነው። እንደገና ጋዋን ለበሱ። ጣባው ለሁለተኛ ጊዜ ሞቆ መጣ፣ ተመለሰ። ጋሽ ናስረዲን ጣባው ሲገባና ሲወጣ አንገታቸው አብሮ ይዞራል።

ሴቶቹ መጀመሪያ ተናደው ነበር። ከዚያ እርስ በርሳቸው በከምባትኛ መነጋገር ጀመሩ፤ ከዚያ ሳቅ ተሰማ። ከመሃላቸው ወይዘሮ ጵርስቅላ የሚባሉ፣ ለነገ የቤተ ክርስቲያን ዝግጅት የሚጋገር ስንዴ ያመጡ ሴት ወደ እኔ መጥተው መኪናዋ መቼ እንደምትሞላ ጠየቁኝ። ቁጥሩን አሳየኋቸው። ቁጥሩን አይተው እኔን አዩኝ። እነዚህ ሰዎች ለምንድነው የማይበሉት አሉኝ። ነገርኳቸው፤ ስለ ሐዋሳውም፣ ስለ ነገውም። ስለ ማስተካከያው ግን ትንፍሽ አላልኩም።

ወይዘሮ ጵርስቅላ ለሰው ሁሉ «አንተ» ነው የሚሉት፤ ለአስተዳዳሪም ቢሆን። ማንም ተቀይሟቸው አያውቅም። እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ግቢው መሃል ቆሙ።

«ጋሽ ተክሌ፣ ለሐዋሳዎቹ ምን ብለህ ነው ቃል የገባኸው?»

«ነገ መልስ እሰጣለሁ አልኩ።»

«መልስ ነው ያልከው፣ ልጅ?»

«መልስ።»

«አይሆንም ማለትም መልስ ነው እኮ» አሉ ወይዘሮ ጵርስቅላ። «ቃልህን አልበላህም። እኔም ስንዴዬን አስፈጭቼ እሄዳለሁ።»

ሴቶቹ ሳቁ። አቶ ተክለጊዮርጊስ ግን አልሳቁም። አግዳሚው ጫፍ ላይ መጥተው ተቀመጡ፤ ከጠዋት ጀምሮ ሲቀመጡ ያየሁት ያኔ ነው። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ተናገሩ። የሐዋሳው ቤተሰብ ስለ በለጠባቸው እንዳልሆነ፣ የሚካኤልንም ቤተሰብ እንደማይንቁ አስረዱ።

«ልጃችሁ ሁለት ዓመት ልጄን በስልክ ይዞ ተቀመጠ» አሉ። «ሌላ ሰው በሬን ሲያንኳኳ ነው የነቃው። ለእንዲህ ያለ ሰው ምን ብዬ ልስጥ?»

ጋሽ ገብረክርስቶስ ባጠኑት ንግግር ውስጥ ለዚህ የሚሆን አንቀጽ አልነበረም። ጋሽ ናስረዲን፣ በገበያ ቃል ጠፍቷቸው የማያውቁት፣ ጫማቸውን ማየት ጀመሩ። እኔም ሚካኤልን ሰነፍ ስለው የኖርኩት ሰውዬ ምን እላለሁ? እውነት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። መኪናዋ እንኳ ዝም ብላለች።

«እውነት ነው» አሉ አቶ ዕንባቆም። ከሆሳዕና ከወጣን ወዲህ ድምፃቸውን የሰማሁት ገና አሁን ነው። «የልጃችን ጥፋት ነው። ልናስተባብል አልመጣንም።»

አቶ ተክለጊዮርጊስ ቀና ብለው አዩአቸው። ክርክር ጠብቀው ነበር መሰለኝ። ለክርክር የተዘጋጀ ሰው እውነት ነው ሲባል የሚደገፍበት ያጣል። ወደ ሳጥኑ ዞሩ፤ ሶስና እዚያ ቆማለች፤ ገመዱን በእጇ ይዛ፣ መሰካቱ የሚያጠራጥራት ይመስል።

«አንቺስ?» አሏት። «ሁለት ዓመት ያስጠበቀሽን ነው የምትፈልጊው?»

እንዲህ ያለ ጥያቄ በሰው ፊት አይጠየቅም፤ ብዙ ጊዜ ለብቻም አይጠየቅም።

«እሱ አላስጠበቀኝም፣ አባዬ» አለች። «ጠብቅ ያልኩት እኔ ነኝ። ለማንም እንዳይናገርም ያስማልኩት እኔ ነኝ።»

«ለምን?»

ሶስና ከታች ሰፈር አዲስ ወፍጮ ከተተከለ ወዲህ ቅዳሜ ካልሆነ ይሄ ግቢ ባዶ እንደሚውል፣ አባቷ ግን በየቀኑ ጋዋናቸውን ለብሰው፣ ወፍጮውን ጠርገው፣ በር በሩን ሲያዩ እንደሚውሉ ለሽማግሌዎቹ የምትነግር አስመስላ ተናገረች። እሷ ካገባች ሆሳዕና ነው የምትሄደው። እናቷ ጎረቤት አላቸው፣ ማኅበር አላቸው። እሳቸው ያላቸው ይሄ ወፍጮ ነው።

«ሰው የሚመጣበት ነገር ሳልተክልልህ አልሄድም ብዬ ነው» አለች ወደ አባቷ ዞራ። «ሳጥኑን ካቆምኩ በኋላም አንድ መኪና ሳይመጣ አልሄድም አልኩ። ሰው አልመጣም። ሐዋሳዎቹ መጡ።»

አቶ ተክለጊዮርጊስ ሳጥኑን አዩ። ገመዱን ተከትለው መኪናዋን አዩ፤ አቧራ የለበሰች፣ ቻይንኛ የምትናገር የመጀመሪያ ደንበኛቸውን። ከዚያ ጋዋኑን ቁልፍ በቁልፍ ፈቱ፤ ግድግዳው ላይ ሰቀሉት። ጋቢም አላነሱም፤ በሸሚዛቸው ብቻ በውስጥ በር ገቡ። ውስጥ ከእትዬ ትርፊት ጋር የተባባሉትን አልሰማንም። ሲመለሱ ጣባውን በሁለት እጃቸው ራሳቸው ይዘውት ነበር። ጎንበስ ብለው አግዳሚው ፊት አስቀመጡት።

«ብሉ» አሉ።

ጋሽ ናስረዲን ክፉኛ ተርበዋል፤ ቢሆንም ዕድሜ ልካቸውን ዕቃ ሳያገላብጡ ገዝተው አያውቁም።

«እንደ ምን ሆነን እንብላ?» አሉ።

«እንደ መጣችሁበት ብሉ።»

ጋሽ ገብረክርስቶስ ከኪሳቸው መሐረብ አወጡ፤ አፍንጫቸውን የጠረጉ ለማስመሰል ዓይናቸውን ጠረጉ። አቶ ዕንባቆም አጠር ያለ ጸሎት አደረጉ፤ ጋሽ ናስረዲን ቢስሚላህ አሉ፤ ጋሽ ገብረክርስቶስ አማተቡ፤ ሦስት እጅ አንድ ጣባ ውስጥ ገባ። ወይዘሮ ጵርስቅላ እልልታውን ጀመሩት፣ ሌሎቹ ተቀበሏቸው። እልልታው ሳያልቅ ሴትየዋ ኬሻቸውን ወደ ወፍጮው አፍ እየጎተቱ ነበር።

ለሚካኤል ደወልኩ። «በሉ» አልኩት።

ተማሪ ቤት እያለንም ያናድደኝ በነበረው አኳኋኑ «ምን በሉ?» አለኝ።

«አታካና፣ አንተ ሞኝ» አልኩት፤ «ይቅርታ» ብዬም ጨመርኩ። ለምን እንደሆነ አልገባውም፤ እኔም አላስረዳሁትም።

ሶስና ማስተካከያውን ወደ ከፍተኛው አዞረችው። ቁጥሩ መሮጥ ጀመረ። ከዚያ ለአባቷ ወፍጮውን ማስነሳት እንደሚቻል ነገረቻቸው።

«ሁለቱን አንድ ላይ መስመሩ አይችልም አላልሽም?»

«አሁን ይችላል።»

አቶ ተክለጊዮርጊስ ሳጥኑን አዩ፤ ማስተካከያው የት እንደደረሰ አዩ፤ እኔን አዩ። ሰማይ ሰማይ አየሁ። ወፍጮ ቤት የኖረ ሰው መብራት ሲደክምና ሲበረታ በጆሮው ያውቀዋል፤ ጠዋት መብራቱ አለመድከሙንም ሳያውቁት የቀሩ አይመስለኝም። የሆነው ሆኖ ምንም አላሉም። ገብተው ወፍጮውን አስነሱት።

አሁን የቀረው ሐዋሳ መደወል ነው። ሰዎቹ ነገ ተነስተው ከመምጣታቸው በፊት ዛሬውኑ መስማት አለባቸው፤ ይሄን ደግሞ ከአባትየው በቀር ማንም ሊናገር አይችልም። ስልካቸውን ይዘው ግቢውን ሁለት ጊዜ ዞሩት። ጸጥ ያለው በረንዳ ላይ ይደውላሉ ብለን ስንጠብቅ፣ ቀጥ ብለው ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ገቡ። በሙሉ ኃይሉ ከሚጮኸው ወፍጮ አጠገብ ቆመው ደወሉ። ጤና ጠየቁ፣ ልጆች ጠየቁ፣ እየጮኹ። ዋናውንም እየጮኹ ተናገሩ። ከዚያ ወፍጮው እንደማያሰማቸው፣ ስለ ጩኸቱ ይቅርታ እንዲደረግላቸው፣ ሰው እንደሚልኩና ሁሉንም በአግባቡ እንደሚያስረዱ ተናግረው ዘጉት። እንቢታ እንዲህ ባለ ክብር ሲነገር አይቼ አላውቅም። ከወዲያ በኩል ምን እንደተባለ እሳቸውም የሰሙ አይመስለኝም፤ ለመስማትም አልነበረም የገቡት።

ሲወጡ ከራስ እስከ እግር ነጭ ሆነዋል። ሽማግሌዎቹ እጃቸውን ታጥበው ቆመዋል። አቶ ተክለጊዮርጊስ ወደ መኪናዋ መጥተው በመስኮቱ አጎነበሱ።

«ስንት ደረሰ?» አሉኝ።

ነገርኳቸው። ስልሳ ሊሞላ ነው።

ትንሽ አሰቡ፤ ዳገቱን በልባቸው እየወጡት መሰለኝ። ከዚያ ገመዱን በራሳቸው እጅ ነቀሉት፤ እንደ ላም ገመድ በክንዳቸው ላይ ጠቀለሉት።

«ሆሳዕና ያደርሳችኋል» አሉ። «የቀረውን ለቀን ቆረጣ ስትመጡ ትሞላላችሁ።»